የእናቴ ዓይን ቴክሳስ ገባ

አንዳንዱን ሰው ቋንቋ እንደ ጉንፋን ይይዘዋል፤ ከተናጋሪው አጠገብ መቆም ብቻ ይበቃዋል። እኔ እንደዚያ ነኝ። ከትምህርት ቤት ጋር ሦስተኛ ክፍል ላይ ብንለያይም፣ ኤርፖርት ኩሽና ውስጥ ድንች ስልጥ የለቃቀምኩትን ስፓኒሽ ዛሬ እሳደብበታለሁ። እናንተ ደግሞ «እኔ ቋንቋ አይሆንልኝም» ትላላችሁ። ውሸት! እንግዳ ፊት ያደጋችሁ አይደላችሁም እንዴ? እናቴ አንዴ ካየችኝ «ሥጋውን ተዪው» ማለቷ ነው፤ አፍጥጣ ከቆየች «እንግዳው ይሂድ ብቻ!» አንድ ቃል ሳይወጣት። ታዲያ ያ ቋንቋ አልነበረም?

ይሄ የገባኝ የወንድሜ የተፈራ ልጅ ሜሮን ጀስቲንን ያመጣች ጊዜ ነው። ዴንተን ከተማ ስትማር ያገኘችው፣ በር የሚሞላ የቴክሳስ ልጅ፣ መስማት የተሳነው። ተፈራ እምቢ አለ።

«ልጁ ክፉ ነው አላልኩም። ግን አማቼን በምን ላጫውተው? እንደ ቲቪ ድምፁን አጥፍቼ ልየው?»

ሜሮን አለቀሰች። እኔ ቤድፎርድ ከተማ የምልክት ቋንቋ ክላስ ገባሁ። አስተማሪዋ «በእጅ ብቻ አይደለም፣ በፊታችሁም ተናገሩ» ስትል ፈረንጆቹ አፈሩ። እኔማ ምን ቸገረኝ፣ ፊቴ መቼ አርፎ ያውቃል! ብዙም ሳይቆይ ከጀስቲን ጋር ተፈራን እናማ ጀመር።

ጀስቲን ጎረቤታችንን ጋሽ በቀለን ሽማግሌ አድርጎ ላከ። ወጉ ሙሽራው እንዳይመጣ ነው፤ ተፈራ ግን «እሱም ይምጣና ልየው» አለ። አስተርጓሚ እኔ። ጥያቄው፣ መልሱ፣ ሁሉም ሰመረ፤ ተፈራ ግን እንደተኮፈሰ ነው።

«እስከ መቼ በእህቴ አፍ ላውራ?»

ይሄኔ የጋሽ በቀለ ብርጭቆ ባዶ ሆነ። ተፈራ ወደ ሜሮን ያችን የእናታችንን ዓይን ወረወረ፦ ተነሽ፣ ውሃ ቅጂላቸው። ሜሮን እዚህ ያደገች ናት።

«አባዬ፣ ዓይንህ ውስጥ ምን ገባ?»

ጀስቲን ግን ብድግ! ጆጉን አንስቶ፣ ጎንበስ ብሎ ቀዳላቸው።

ተፈራ ሊሞክረው በዓይኑ አጠገቡ ያለውን ወንበር ጠቀሰ። ጀስቲን መጥቶ ተቀመጠበት።

«ይቺን ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ በዓይኔ ስጮህባት» አለ ወንድሜ፣ «ለካ የሚሰማኝ ልጅ ሰው ቤት ኖሯል ያደገው! ጋሽ በቀለ፣ ሰጥቻለሁ።»

እልልታዬን አቀለጥኩት። ጀስቲን እንዳያመልጠው ደግሞ በሁለት እጄ አየር ላይ ደገምኩለት።

ጉዱ የመጣው ከሠርጉ በኋላ ነው። እሁድ ምሳ ላይ፣ ወጡን የሠራችው የተፈራ ሚስት ሳታየኝ፣ ለተፈራ በዓይኔ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» አልኩት። ጀስቲን ከገበታው ማዶ ሳቁን ለቀቀና፣ በሁለት እጁ፣ ሰው ሁሉ እያየ «እውነትሽን ነው፣ ጨው በዝቶበታል!» አለኝ። ሜሮን ለእናቷ ተረጎመችላት።

እና፣ ምን ይደረግ? ከእንግዲህ በዚያ ቤት ሚስጥር ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይብላ።