የመሐል ሰፋሪው የሕይወት ታሪክ

እኛ ሰፈር ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም። እውነቴን ነው። ካላመናችሁኝ አቃቂ ኑና እድራችን ቢሮ ያለውን ፋይል ግለጡ። ቀብር ላይ የተነበቡት የሕይወት ታሪኮች በሙሉ እዚያ አሉ። ሁሉም ሰው አክባሪ፣ ሁሉም ለተቸገረ ደራሽ ነው። የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መጋዘን ጸሐፊ ስለነበርኩ የእጅ ጽሕፈቴ ያምራል፤ እድሩም በዚሁ ጸሐፊው አደረገኝ።

ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ በአጥር ወሰን ምክንያት ጎረቤቶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ፍርድ ቤት ያቆመ ሰውዬ ሞተ። ምን ልበል? “ለመብታቸው ቆራጥ ነበሩ” አልኩ። የተከሰሱትም ሳይቀሩ አለቀሱ። ሌላው ደግሞ ከጠላ ቤት ሰው ሳይደግፈው ወጥቶ አያውቅም። እሱን “ከሰው የማይለዩ ተጫዋች” አልኩት። መቼ ተለየና?

እንዲህ እየኮራሁ ስኖር ጋሽ በቀለ ሞቱ።

ጋሽ በቀለን የማያውቅ ስለማይጠፋ ልንገራችሁ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ያስተማሯቸው ልጆች እንደሚሉት መልሱ ስህተት ሆኖ አካሄዱ ደህና ከሆነ ግማሽ ነጥብ ይሰጡ ነበር። ምርጫ ሲመጣ በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ። የገዥው ፓርቲ ሰዎች የተቃዋሚ ነው አሏቸው። ተቃዋሚዎቹ የመንግሥት ነው አሏቸው። እሳቸው ከሁለቱም ጋር ሻይ ይጠጣሉ፣ ከሁለቱም ጋር ይጨቃጨቃሉ። መሐል ሰፋሪ የሚል ስም ወጣላቸው። ሲሰሙ ይስቁና መሐል ላይስ ሰው አይኖርም ወይ ይሉ ነበር።

ከዚያ መንገዱ መጣ። በሰፈራችን ሰፊ አስፋልት ሊያልፍ ነው ተባለ። እንደ መጀመሪያው ፕላን ከላይኛው ረድፍም ከታችኛው ረድፍም የሚተርፍ ቤት አልነበረም። ገሚሱ እምቢ ብለን እንሰለፍ አለ። ገሚሱ ድምፃችንን አጥፍተን እንነሳ አለ። ጋሽ በቀለ ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ። መጨረሻ ላይ ይዘው የመጡት ይሄን ነው፤ መንገዱ ወደ ወንዙ ይጠጋል፣ የላይኛው ረድፍ ይቀራል፣ የታችኛው ይፈርሳል፣ ነዋሪው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ይሰጠዋል። የነዋሪው ተወካይ ሆነው ፈረሙ።

የሳቸው ቤት ያለው ላይኛው ረድፍ ላይ ነው። የኔም።

ለራሳቸው አድልተው ይሆን? አላውቅም። ስንት ጊዜ ልጠይቃቸው አስቤ ተውኩት። የተረፈ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቤቱ እንዴት ተረፈ ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድብ እመርቃቸዋለሁ። አስፋልቱን ስሻገር ደግሞ፣ የጎረቤቶቼ ደጃፍ በነበረበት ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ፣ አንገቴን እደፋለሁ። ሁለቱም እኔው ነኝ፤ ታዲያ የትኛው ይፍረድ?

የታችኛው ረድፍ ሰዎች ግን ጥርጥር የለባቸውም። ሰላምታ ነሷቸው። ከሰፈር ቢነሱም ከእድሩ አልወጡም፤ ሰው ሲሞት ከኮዬ ፈጬ አውቶቡስ ተኮናትረው ይመጣሉ። ድንኳኑ ውስጥ ግን በግራ በኩል ለብቻቸው ይቀመጣሉ።

ጋሽ በቀለ ያረፉ ቀን ባለቤታቸው እትዬ አስቴር አስጠሩኝ። “የመንገዱን ነገር ጻፈው” አሉኝ። “ደግ ነበር እያልክ እንዳትሸነግለኝ። እኔም ሁልጊዜ አልወደውም ነበር። ታሞ ተኝቶ የለመነኝ አንድ ነገር ይሄ ነው። ማንን እንዳስቀረ፣ ማንን እንዳስፈረሰ፣ ሁለቱም ወገን አንድ ላይ ቆሞ ይስማ። ከዚያ የፈለጋቸውን ይበሉኝ ብሏል።”

እሺ አልኩ። ምን ገዶኝ?

ጻፍኩትም። “በጥረታቸው የላይኛው ረድፍ ቤቶች ተርፈዋል። በፊርማቸው የታችኛው ረድፍ ቤቶች ፈርሰዋል።” ሁለት መስመር ናት። ዕድሜዬን ሙሉ ከጻፍኩት ሁሉ እውነተኛዋ እሷ ሳትሆን አትቀርም።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳን ውስጥ ወረቀቱን ሳገላብጥ ባለሱቁ ሸምሱ አየብኝ። ሱቁ ከተረፉት ናት። “ሰውዬው ባለውለታችን ናቸው” አለኝ። “ሬሳቸው ፊት ማፍረስ ምናምን ምን ያስወራል? አውጣው፣ ነገር ታስነሳለህ።” ነገር እንደሚነሳ እኔም አላጣሁትም። ሰረዝኩት። ትንሽ ቆይቶ የኮዬ ፈጬው አውቶቡስ ደረሰ። ድሮ ፋብሪካ አብሮኝ የሠራው ግርማ ወረደና ቀጥ ብሎ ወደኔ መጣ። ወሬው ቀድሞ ደርሶታል። “ቤት አተረፉ ብለህ ካነበብክ እኛ ተነስተን እንሄዳለን” አለኝ። “የኛ ቤት አልነበረም እንዴ?” በኛ እድር ቀብር ጥሎ የሄደ ሰው ታይቶ አይታወቅም። እሱንም ሰረዝኩት።

ምን ቀረ? ተወለዱ። ተማሩ። አስተማሩ። አገቡ። ሦስት ልጆች አፈሩ። ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ዐረፉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ሬሳቸው ፊት ቆሜ አነበብኩት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ማንም ጥሎ አልሄደም፣ ማንም አላጉረመረመም። ሸምሱ በዓይኑ አመሰገነኝ። ግርማም ራሱን ነቀነቀልኝ። እትዬ አስቴርን ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ጋሽ በቀለ መሐል ሰፋሪ እየተባሉ ሲሰደቡ አብሬ ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። አፈርኩ።

ከቀብር ስንመለስ እማማ ዘውዴ ክንዴን ያዙኝ። እማማ ዘውዴ የባቡር ሠራተኛ ሚስት የነበሩ፣ ከታችኛው ረድፍ ቤታቸው መጀመሪያ የፈረሰባቸው ሴትዮ ናቸው። አሁን ኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለቀብር ካልሆነ አይወርዱም። ጋሽ በቀለን ቤታቸው ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ አናግረዋቸው አያውቁም።

“የመንገዱ ነገር ይነበባል ብላኝ ነበር አስቴር” አሉኝ። “ቤቴ ሲነሳ ልሰማ ነው ያን ሁሉ ደረጃ የወረድኩት።”

“እማማ፣ ማንም እንዳይከፋው ብዬ እኮ ነው” አልኳቸው። “ለሁለቱም ወገን እንዲሆን።”

“እሱማ በቀለ ራሱ እንደዚያው ይል ነበር” አሉና ክንዴን ለቀቁኝ። “በቀለ ግን ያፈረሰው ግማሻችንን ነው። አንተ ዛሬ ሁላችንንም አፈረስከን።”