ሲቀጠል የጠበበው ትምህርት ቤት

ቤት ሲቀጠል ሲጠብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ነገሩ በጣሊያን ጊዜ ነው። ደብረ ማርቆስ ከተማ ዳር፣ ዲማ ገዳም የተማሩ አንዲት እማሆይ ነበሩ። የሰፈሩን ሴት ልጆች ሰብስበው ፊደል ያስቆጥሩናል። ቤቷ ክብ ጎጆ ናት፤ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ነው የምንቀመጠው። አንድ ቀን እማሆይ ተነሡና «ቤቱ ይቀጠል!» አሉ። እኛ እልል! እግራችንን ልንዘረጋ ነው እኮ!

ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካነው እኛ ነን፣ በእግራችን፣ እየዘፈንን። በጠራራ ፀሐይ! አንድ የጣሊያን ወታደር እንዲያውም በመንገድ ሲያልፍ ቆሞ አጨበጨበልን። ከጎጆዋ ጀርባ ረዥም ክፍል ወጣ። ከውጭ ሲያዩት የደጃዝማች አዳራሽ! ከውስጥ ግን እማሆይ ግድግዳ አቆሙበት። በር የለው፣ መስኮት የለው፤ ከላይ አንዲት ቀዳዳ ብቻ። አዲሱ ክፍል በሙሉ ከግድግዳው ጀርባ ቀረ፤ ጭራሽ ከጎጆዋም ላይ ቆርሶ ወሰደብን። መግቢያው በጓሮ ነው፣ ከማገዶው ክምር ኋላ።

እዚያ ማን ገባ? የእናቴ ወንድም፣ አያ ጥሩነህ። አርበኛ ነው፣ ቆስሎ የመጣ። ቁስሉስ ይድናል፤ ያስቸገረው ሳሉ ነው። አንድ ቀን ከተሰማ እሱም እማሆይም ይሰቀላሉ።

ድምፀ ጎላዋ እኔ ነበርኩ። አሁንም እኔው ነኝ። እማሆይ ግድግዳው ሥር አስቀመጡኝና «አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽ ግድግዳው ላይ፣ ዓይንሽ በሩ ላይ። የፊደል ገበታውን ተይው። እሱ ሲስል ጩኺ!» አሉኝ። አያ ሲስል እኔ «ሀ!»፣ ልጆቹ «ሁ! ሂ!» እያሉ ይቀበሉኛል።

አንድ ጠዋት የጣሊያን መኮንን ከነአስተርጓሚው ከች አለ። ምርጊቱ ገና አልደረቀም። ዞር ዞር ብሎ አየና፣ ቤቱ ከውጭ እንዲህ ሰፊ ሆኖ ልጆቹ ምነው ተጣበቡ ብሎ አስጠየቀ። እማሆይ ቅንድባቸው እንኳ ሳይነቃነቅ፣ «ስንጀምረው ትንንሽ ነበሩ ጌታዬ፤ አደጉብኝ» አይሉትም! ምርጊቱ ሳይደርቅ!

ይኼኔ አያ ሳለ።

«ሀ!» አልኩ፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ። ልጆቹም ተቀበሉኝ። መኮንኑ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲል ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። እሱና አያ ጥሩነህ፣ በመካከላቸው እኛ ያቦካነው ጭቃ ብቻ! እግዚኦ! አልተናደም እኮ። መኮንኑ ጆሮውን ይዞ ወጣ፤ ትምህርት ቤታችንን ከነእርጥብ ምርጊቱ ጀርባው ላይ አዝሎት ሄደ።

ጣሊያን ሲወጣ ግድግዳው ፈረሰ። አቤት ስፋት! አቤት ብርሃን! ትምህርት ቤቱ የተቀጠለው ገና ያኔ ነው። አያ ጥሩነህ ዓይኑን እያሻሸ ወጣ፣ የእማሆይን ዳዊት አነሣና ማንበብ ጀመረ! ማይም ሆኖ የገባው ሰውዬ! ለካ የፊደሉ ገበታ ከቀዳዳዋ ፊት ለፊት ኖሯል፤ እማሆይ በእንጨት ሲጠቁሙ፣ እኛ ስንጮህ፣ እሱ ጨርሶታል። እኔስ? እኔማ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር። በኋላ ቁጭ አድርጎ ያስቆጠረኝ እሱው ነው፤ ይህችንም ወግ በዚያችው ፊደል እጽፋለሁ።

ዛሬ ወግ ስይዝ ድምፅሽ አገር አቋርጦ ቁይ ገበያ ድረስ ይሰማል ይሉኛል። አያ ጥሩነህም «ኧረ ቀስ በይ፣ ጣሊያኑ እኮ ሄዷል!» ይለኛል። ይልና ይስላል። እኔ ምን ላድርግ? አፌ ሳላዘው «ሀ!» ይላል።