ቁልቁል መስመር የሚፈሩት ጋሽ ወንድምአገኘሁ

በየመሥሪያ ቤቱ ጥላውን የሚፈራ አንድ ባለሙያ አይጠፋም። ደሴ ላይ ለእኛ ቢሮ የደረሱን የፈሪዎች ሁሉ አለቃ፣ ክቡር ጋሽ ወንድምአገኘሁ ናቸው።

ሥራቸው የእህል ምርት አኃዝ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ እያስገቡ ግራፍ መሣል ነው። ኮዱን ይጽፋሉ፤ ሥዕሉ ብቅ ሊል ሲል ስክሪኑን በኮታቸው ይከልሉታል። መስመሩ ከወጣ «አጋነንክ ይሉኛል» ብለው ያልባቸዋል፤ ከወረደ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ይፈልጋሉ። ቀይ ቀለም ጭራሽ አይነኩም። «ኋላ ጉድ እንዳይፈላ!» ይላሉ። አንዴ የኮምቦልቻን መስመር ከደሴ በላይ ስላደረጉ ሳምንት ሙሉ እህል አልበላ ብሏቸው ነበር።

እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አምስት ዓመት ሳቅሁባቸው።

በ2008 ዝናቡ ቀረ። የኩታበር ወረዳ ምርት በሄክታር ከአሥራ ስምንት ኩንታል ወደ ሰባት ወረደ። እርዳታ የሚያገኙት ወረዳዎች የሚለዩት በግምገማ ስብሰባ ላይ ነው። በስብሰባው ዋዜማ የጋሽ ወንድምአገኘሁ መስመር ገደል ገባ። ኃላፊያችን ወይዘሮ ሸዋዓለም ከኋላችን ቆመው አዩት።

«ይሄማ ሰውን ያስደነግጣል። የግራፉን የጎን ልኬት እስከ ሁለት መቶ ኩንታል ይዘርጉትና መስመሩ ረጋ ይበል። ቁጥሩን አልነካንም እኮ!»

ጋሽ ወንድምአገኘሁም አንዲት የኮድ መስመር ጨመሩ። ገደሉ ሜዳ ሆነ። አባቴ ኩታበር ባዶ ጎተራ ይዞ ተቀምጧል። ልናገር ፈለግሁ፤ ለእንጀራዬ ፈራሁና ወደ ራሴ ስክሪን ዞርሁ።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሏል። ጋሽ ወንድምአገኘሁ ኮዱን እዚያው አስኬዱት። ግድግዳው ላይ ያ ገደል ዱብ አለ። 

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ወይዘሮ ሸዋዓለም።

«እኔ አይደለሁም! ካልነኩት ማሽኑ ልኬቱን ራሱ ነው የሚመርጠው!»

ኩታበር የእርዳታው ዝርዝር ውስጥ ገባ። ጋሽ ወንድምአገኘሁ ደግሞ ግለ ሂስ ያድርጉ ተባሉና ተነሡ፤ «ማሽኑን በበቂ ሁኔታ አልተቆጣጠርሁም» አሉ።

ቢሮ ስንመለስ ኮዱን አየሁት። ትናንት የጨመሯት መስመር የለችም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ያጠፏት?»

በሩን ዘጉ፤ መስኮቱንም ዘጉ። «ሙሄዲን፣ አባትህ ኩታበር አይደሉ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «በል ለማንም እንዳትናገር። ኋላ ጉድ እንዳይፈላ!»

«ወላሂ አልናገርም።»

ከዚያ ወዲህ ሥዕል ብቅ ሊል ሲል፣ ኮቱን ስክሪኑ ላይ የምይዝላቸው እኔ ነኝ።