የማይናገረው አናጢ ፋይል

የአእምሮ ሕሙማን ክፍሉን የሚመሩት ታላቋ ሲስተር ሥራ ወዳድ ነበሩ፤ ከሥራ ሁሉ ደግሞ ቅጽ መሙላት ነፍሳቸው ነው። «ነርሶች ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይወያዩ፤ ውጤቱም በቅጽ ይመዝገብ» የሚል መመሪያ ከበላይ አካል ሲወርድ በደስታ ተቀበሉት። ውይይቱ ጊዜ የሚሻማ ሆኖ ስላገኙት ግን ለቅጹ ቅድሚያ ሰጡ።

አፉን ዘግቶ ለገባው አናጢማ «ታካሚው አልተናገረም» የሚለውን አንዴ አስተይበው የዓመቱን አባዙለት። ከዚያ ወዲያ ቀን መጻፍና መፈረም ብቻ ቀረ። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢነት በየመሥሪያ ቤቱ አይገኝም።

ነገሩን ያበላሸችው ትንሿ ሲስተር ናት። አዲስ ተቀጣሪ ስለሆነች ሥራዋን ትታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ስለ እንጨት ትጠይቀዋለች። አንድ ማክሰኞ እየሮጠች መጣች። አናጢው ተናግሯል፤ ሴት ልጁ ከመውለዷ በፊት ቤቱ ገብቶ ለልጅ ልጁ አልጋ መሥራት ይፈልጋል።

ታላቋ ሲስተር ፋይሉን ገለጡ።

«የኔ ልጅ፣ የዛሬው ቅጽ አልተናገረም ነው የሚለው።»

«በጆሮዬ ሰማኋቸው እኮ፣ ሲስተር።»

«ሌላ የሰማ አለ?»

«የለም። እኔ ብቻ ነኝ።»

ታላቋ ሲስተር በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕድሜያቸውን የፈጁበት ሙያ ነውና ምልክቱን ወዲያው ለዩት።

ጉዳዩን ለማጣራት ኮሚቴ ተቀመጠ። በአንድ በኩል ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የተፈረመባቸው ቅጾች፣ በሌላ በኩል የአንዲት ልጅ ጆሮ ቀረቡ። የማይናገር ሰው ተጠርቶ ምን ይላል ተብሎ አናጢው አልተጠራም። ኮሚቴው ታካሚው ለመውጣት እንዳልደረሰ፣ ባልደረባችን ግን የሌለ ድምፅ መስማት ስለጀመረች አስቸኳይ እርዳታ እንደሚያስፈልጋት በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እንደ ዕድል ሆኖ ከአናጢው ቀጥሎ ያለው አልጋ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ታላቋ ሲስተር መድኃኒት ይዘው ገቡ። ትንሿ ሲስተር የታካሚ ፒጃማ ለብሳ ግድግዳውን ታያለች። አናጢው ቀና አለ።

«ሲስተር፣ ልጅቷን ይልቀቋት። እኔ እቆያለሁ» አለ፤ ጥርት ባለ ድምፅ።

ታላቋ ሲስተር ሰሙ። ሆዳቸው ባባ፤ እሺ ሊሉም አፋቸውን ከፈቱ። ግን መስማታቸውን ያየ ሰው እንዳለ ለማረጋገጥ ዞር ዞር ሲሉ ዓይናቸው ከትንሿ ሲስተር ቀጥሎ ባለው ባዶ ሦስተኛ አልጋ ላይ ዐረፈ። አዲስ አንሶላ ተነጥፎለታል።

ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው የዕለቱን ቅጽ አወጡ። ቀኑን ጽፈው ፈረሙ፤ ፊርማቸው ያው ነበር።