መምሬ ይስሐቅ ዋና ሲያስተምሩ

(ልዕልት የስማዳ ልጅ ናት። ውጭ አገር፣ ባሕር ጫፍ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ስለ ባሕር እንስሳት ትማራለች። አጎቷ መምሬ ይስሐቅ ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ ወጣ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በስልክ እየተከራከሩ ነው።)

መምሬ፦ ዓሣ ውሃ አይጠጣም አልኩሽ።

ልዕልት፦ የባሕሩ ይጠጣል፣ መምሬ። ፈተና ላይ ራሱ መጥቶልን ነበር።

መምሬ፦ ውሃ ውስጥ እየዋለ እያደረ ምን አስጠማው?

ልዕልት፦ ውሃው ጨው ነዋ። የጠጣውን ጨው ደግሞ መልሶ ያስወጣዋል።

መምሬ፦ መልሶ ሊያስወጣው ምን አደከመው? መጀመሪያውኑ አይተወውም? እነዚህ አስተማሪዎችሽ እየቀለዱብሽ ነው።

ልዕልት፦ እሺ፣ ይሁንልዎ። የደወልኩት ለሌላ ነው። ነገ የመጥለቅ ፈተና አለብን። የአየር ሲሊንደር ተሸክሜ ባሕሩ ታች መውረድ አለብኝ። ካልወረድኩ ከትምህርቱ ያሰናብቱኛል። እኔ ደግሞ ፈርቻለሁ።

መምሬ፦ የምን ፍርሃት ነው? የኛ ዘር ውሃ ፈርቶ ያውቃል?

ልዕልት፦ የኛ ዘር ውሃ የት አግኝቶ?

መምሬ፦ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ታማትቢያለሽ፣ ትንፋሽሽን ጥርቅም አድርገሽ ትይዣለሽ፣ ትገቢያለሽ።

ልዕልት፦ ትንፋሽ መያዝማ ክልክል ነው። ሳንባ ይጎዳል።

መምሬ፦ እኔስ አትያዢ ልልሽ አይደል? ዋናው ነገር ወደ ታች አለማየት ነው።

ልዕልት፦ የምወርደው'ኮ ታች ያለውን ለማየት ነው።

መምሬ፦ እንግዲያው እንዳላየሽ ሆነሽ እዪ።

ልዕልት፦ ስምንት እግር ያለው እንስሳ አለ። ሦስት ልብ አለው። ሲፈራ እንደ ቀለም ያለ ነገር ረጭቶ ይሸሻል።

መምሬ፦ ሦስት ልብ ይዞ የሚሸሸውን ነው አንቺ የምትፈሪው? አሳፈርሽኝ።

(ከመምሬ በኩል የሴት ድምፅ ይሰማል፦ «መምሬ፣ አሁንም እዚያው ነዎት? ጥጆቹ እንኳ ተሻገሩ'ኮ።»)

ልዕልት፦ ማን ናት? የት ነዎት?

መምሬ፦ (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) ወንዝ ዳር ነኝ። ማዶ ክርስትና አለ፤ ሕፃኑም እንግዳውም እኔን ነው የሚጠብቀው።

ልዕልት፦ ታዲያ አይሻገሩም?

መምሬ፦ ሞልቷል።

ልዕልት፦ ጥጆቹ ተሻገሩ አይደል የምትለው?

መምሬ፦ ጥጃ አራት እግር አለው።

ልዕልት፦ ውሃው የት ድረስ ደረሳቸው?

መምሬ፦ ሸኮናቸውን አልፏል።

ልዕልት፦ መምሬ፣ ለምን አብረን አንገባም? እኔም ባሕሩ ዳር ነኝ። እርስዎ ከፊት ይምሩኝ።

መምሬ፦ አሁን?

ልዕልት፦ አሁን። አለበለዚያ ነገ አልችልም።

መምሬ፦ (ጫማቸውን እያወለቁ) ለአንቺ ስል ነው እንግዲህ። በስመ አብ... ገባሁ። በረዶ ነው። አንቺ ጋስ?

ልዕልት፦ ለብ ያለ ነው። ይቀጥሉ።

መምሬ፦ መሐል ላይ ደርሻለሁ። ልዕልት፣ ስልኩን እንዳትዘጊው።

ልዕልት፦ አለሁ፣ አጠገብዎ ነኝ።

መምሬ፦ ተሻገርኩ። (ከማዶ እልልታ ይሰማል።) አየሽ? ውሃ የሚደፈረው እንዲህ ነው። አንቺስ የት ደረሰሽ፣ ወገብሽ ጋ?

ልዕልት፦ እኔ እንኳ ካፍቴሪያ ነኝ፣ መምሬ። ለብ ያለው ሻዬ ነው።

መምሬ፦ ምን አልሽ አንቺ?

ልዕልት፦ ነገ ግን እገባለሁ። እርስዎ ከተሻገሩ እኔ ምን ሰበብ ቀረልኝ?

መምሬ፦ (ዞር ብለው ወንዙን ያዩታል) በይ እንግዲያው ከባሕሩ እንደወጣሽ ቶሎ ደውዪልኝ። እስክትደውዪ እዚሁ ማዶ ነኝ።