ፊልም ቢናገርም ዝም የማይለው አቶ ቫለንቲ

በዓለም ላይ ያለ ሲኒማ ቤት ሁሉ ከፊልሙ በላይ የሚያወራ አንድ ሰው አያጣም። ሊያዝናናን ይሁን ሊቀጣን የላከልን ፈጣሪ ያውቃል። በቺካጎ ቄራ ሰፈር ለምንኖር ፖላንዶች የደረሰን ክቡር አቶ ቫለንቲ ፒየትሻክ ነው።

ሐቁን መናገር አለብኝ። ፊልም ድዳ በነበረበት ዘመን ከእኛ ውስጥ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችለው ጥቂት ነበር። ሸራው ላይ ጽሑፍ ብቅ ሲል አቶ ቫለንቲ ከሦስተኛው ረድፍ ብድግ ይልና ጮክ ብሎ በቋንቋችን ይተረጉምልናል። ጽሑፉ "እወድሻለሁ" ካለ እሱ "እወድሻለሁ፣ አባትሽ ግን አህያ ነው" ይላል። አሮጊቶቹ እየሳቁ ይመርቁታል።

ከዚያ ፊልም አፍ አወጣ። አቶ ቫለንቲ ግን አፉን ሊዘጋ ነው? ተዋናዩ ሲናገር አብሮ ይናገራል፤ ተዋናዩ ዝም ሲል ደግሞ ምን እያሰበ እንደሆነ ይነግረናል። በር ሲንኳኳ "በር ተንኳኳ" ይለናል፣ እኛ ጆሮ የለንማ። ዝም በል ካሉት መልሱ አንድ ነው፦ "እኔ ዝም ካልኩ ማን ሊነግራችሁ ነው?"

የሲኒማ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ኬይሂል በመጨረሻ አንገሸገሸው። "ሌላ ቀን ድምፅህን ብሰማ ይቺን በር ዳግመኛ አትረግጣትም" አለው። አቶ ቫለንቲ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ መሄጃ የለውም። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ አፉን በባርኔጣው ከድኖ ከጎኔ ተቀመጠ።

ፊልሙ የወሮበሎች ነው። አለቃቸው ወርቅ ሻጩን ገደለ። መርማሪው ሲይዘው፣ "በዚያ ሰዓት እኮ ፀጉር አስተካካይ ቤት ጺሜን እየተላጨሁ ነበር" አለ። ፀጉር አስተካካዩም እየተንቀጠቀጠ "አዎ፣ እኔው ነኝ የላጨሁት" ብሎ መሰከረለት። መርማሪው ይቅርታ ጠይቆ ሊወጣ ተነሳ።

አቶ ቫለንቲ ላብ አጠመቀው። ወንበሩ ይንቋቋ ጀመር። ከዚያ ብድግ ሲል ባርኔጣው ወደቀ።

"አንተ የማትረባ፣ ጉንጩን እየው እንጂ! ይሄ ነው የተላጨ? በዚህ ጉንጭ ድስት ይፈተጋል።"

መርማሪው ፖላንድኛ ስለማይሰማ መንገዱን ቀጠለ። ሚስተር ኬይሂል ግን ፊልሙን አስቁሞ መብራት አስበራ።

"ፒየትሻክ የት አለ?"

አቶ ቫለንቲ እዚያው ሥራ አስኪያጁ አፍንጫ ሥር ተገትሮ ቆሟል።

"ቫለንቲ ዛሬ አልመጣም፣ ታሞ ተኝቷል" አሉ ወይዘሮ ጌኖቬፋ ከኋላ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው አያውቁም።

"የለም፣ ንስሐ ሊገባ ሄዷል" አለ ዳቦ ጋጋሪው ካዚሚየሽ።

"ታሞ ነዋ የሄደው" ብለው ወይዘሮ ጌኖቬፋ ሁለቱን ወሬ አስታረቁ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። "ከጎኑ የምትቀመጠው አንተ ነህ። እውነቱን ንገረኝ።"

"ወንበሩ ባዶ ነው፣ ጌታዬ" አልኩ። አልዋሸሁም፤ ሰውየው ቆሟል።

ሚስተር ኬይሂል የቆመውን ሰውዬ አየ፣ ከዚያ አዳራሹን በሙሉ ቃኘው። ሁላችንንም አባርሮ ለማን ሊያሳይ ነው? "እንግዲያው ስታገኙት ንገሩት፣ ድጋሚ ብሰማው አለቀለት" ብሎ መብራቱን አስጠፋ።

አቶ ቫለንቲ ተቀመጠ። ዝም አለ። ወሮበላው ተናገረ፣ እሱ ዝም። ሴትዮዋ አለቀሰች፣ እሱ ዝም። እኔ እንግሊዝኛው አይከብደኝም፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ጨው የሌለው ሾርባ ሆነብኝ። ከኋላችን አሮጊቶቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ። አላስቻለኝም። ወደ በሩ ገልመጥ አልኩና ሚስተር ኬይሂል አለመኖሩን ካረጋገጥኩ በኋላ አቶ ቫለንቲን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

"በል እንጂ" አልኩት፣ "ምን አለ?"