ጋሽ ፊሊጶስና ገመድ አልባው ፔዳል

በየሰፈሩ፣ የራሱ መኪና ሳይኖረው የሰው መኪና ሁሉ የሚያመው አንድ ሰው አይጠፋም። ካላመናችሁኝ መኪናችሁን ደጃፍ ላይ አቁሙና ኮፈኑን ክፈቱ። ቀና ስትሉ አጠገባችሁ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ማንም አልጠራውም። ኮፈን በተከፈተ ቁጥር ለእሱ ብቻ የሚሰማ ደወል ያለ ይመስለኛል።

የእኛ የመካኒሳ አቦው ክቡር መሐንዲስ ጋሽ ፊሊጶስ ናቸው። መሐንዲስ ያልኳቸው እኔ ነኝ እንጂ ትምህርት ቤት እንኳን አያውቃቸውም፤ እኔም በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ነኝና ማዕረጉን ለመስጠት እበቃለሁ። ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ ቆይተው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ከቤቴ ፊት ለፊት ሰማያዊ በራቸው ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን መኪና ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ኖሩ ስል የሞቱ እንዳይመስላችሁ። አሉ። ድንጋይዋ ግን ባዶዋን ሰንብታ ነበር፣ ሰማያዊው በርም ተዘግቶ። ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያች ባዶ ድንጋይ ላይ ነበር። ተመልሰው እንዲወጡ ያልሞከርነው የለም። እንዴት በራቸውን ዘግተው እንደገቡ ልንገራችሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ሰውየውን እወቋቸው።

ጋሽ ፊሊጶስ መፍቻ አይዙም። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ባርኔጣቸውን ከጆሯቸው ከፍ ያደርጋሉ፣ አንገታቸውን ወደ ሞተሩ ያሰግጋሉ። አንድ ሰው ትንፍሽ ካለ ሌባ ጣታቸው ትነሣለች። "ዝም በሉ፣ እያወራ ነው!" ይላሉ። ባለ መኪናውም ዝም፣ ጎረቤቱም ዝም። ቆይተው ዓይናቸውን ይገልጡና ፍርድ ይሰጣሉ።

"ካንዴላ ነው።"

ሁልጊዜ ካንዴላ ነው። ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭረው ያቺ ጣት የምታህል ዕቃ፣ ለእሳቸው የዓለም ሕመም ሁሉ መነሻ ናት። ጎማ ቢተነፍስ ካንዴላ ነው። አንድ ሰሞን ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞኝ እያነከስኩ ሳልፍ አዩኝና፣ "ተሾመች፣ ካንዴላሽ ቆሽሿል" አሉኝ።

ሚኒባስ ውስጥ አብሬያቸው መሳፈር ያሳፍረኝ ነበር። ረዳቱ "ላፍቶ! ላፍቶ! የሞላ!" እያለ በሩን ሊዘጋ ሲል ጣታቸው ትነሣለች።

"አንተ ሹፌር፣ እንዳትነዳ! እያወራ ነው።"

"አባባ፣ የሚያወራውስ ከኋላ ያለው ተሳፋሪ ነው።"

"ካንዴላ ነው እልሃለሁ።"

"ይሁን አባባ፣" አለ ሹፌሩ፣ "ካንዴላው የት ነው ወራጅ?"

አቶ ዲንሳን የቀበርን ዕለት የሆነውን ደግሞ እስከ ዛሬ ስናስታውሰው ዕድርተኛው ይስቃል። የአስከሬኑ መኪና ሞተሩን ሲያስነሣ ጋሽ ፊሊጶስ እንባቸውን እየጠረጉ ጣታቸውን አነሡ። ስለ ሟቹ ሊናገሩ ነው ብሎ ለቀስተኛው ጸጥ አለ። "ወይ ዲንሳ! ወይ ወንድሜ!" አሉ። "በዚህ ካንዴላ ይውሰዱህ?"

ሐቁን ለመናገር ግን ድሮ ይሆንላቸው ነበር። የድሮ መኪና ሲታመም ይሰማል፣ ይዳሰሳል። ነዳጁን ስትረግጡት ከእግራችሁ ሥር ገመድ ይሳባል፣ ገመዱ ሞተሩ ላይ ያለችውን የአየር በር ይከፍታል፣ መኪናው ይሄዳል። በቃ። አንድ ጊዜ ጣርማ በር ዳገት ላይ ያ ገመድ ተበጥሶባቸው፣ የጫማቸውን ማሰሪያ ፈተው ቀጥለውት፣ በመስኮት በኩል በእጃቸው እየጎተቱ አዲስ አበባ ገብተዋል። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ማብቂያው አይለወጥም፦ "እግሬ ቢከዳኝ በእጄ ነዳሁት!"

ባለቤቴ ከበበው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዲት አሮጌ መኪና ነበረችው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እሱና ጋሽ ፊሊጶስ ኮፈኑ ሥር አንገታቸውን ቀብረው ይውሉ ነበር። ለእኔ የሚታየኝ ጀርባቸው ብቻ ነው፤ ሳቃቸው ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ያኔ መኪናዋ ምን ሆነች ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ሳስበው ምንም አልሆነችም ነበር። ያቺ መኪና በማን እጅ እንዳለች አላውቅም። ሳቁም አብሯት ሄደ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የልጅ ልጄ ማርቲ አብራኝ ነው የምትኖረው፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ትነዳለች። መሪ ያስጨበጧት ጋሽ ፊሊጶስ ናቸው፤ "ልጄ" ነው የሚሏት። ከቀድሞዋ ይልቅ አዲስ የሆነች መኪና ያመጣች ዕለት፣ እንደ ደንቡ መጀመሪያ እኔ ልያት ብለው ኮፈኑን አስከፈቱ። ጣታቸውን ወዲያ ሰደዱ፣ ወዲህ ሰደዱ።

"ገመዱስ?"

"ገመድ የላትም ጋሼ። ፔዳሉ በኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ የአየሩን በር ያዝዛል።"

"ታዲያ ዳገት ላይ ቢበጠስብሽ፣ በምን ታስሪዋለሽ?"

ማርቲ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ኮፈኑን የሬሳ ሣጥን እንደሚከደን ቀስ አድርገው ከደኑት። ከዚያን ቀን ወዲህ አዲስ ልማድ አመጡ። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ በአቦ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቀጥታ ወደ መኪናዋ ይመጣሉ። "ክፈቺልኝ፣ ልስማት" ይላሉ። ከዚያ ደግሞ፣ "ወዲያ በይ፣ ይቺ ሰው ፊት አታወራም።" ማርቲም ጋሼ ናቸው ብላ ትተዋቸዋለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል መኪናዋ ታመመች። ወደ ላፍቶ የሚያወጣው ዳገት ላይ ማርቲ ትረግጣለች፣ መኪናዋ አትሰማም። ቢጫ መብራት ቦግ ይላል፣ መኪናዋም እንደ ኤሊ መሳብ ትጀምራለች። አጥፍታ ትንሽ ቆይታ ስታስነሣት ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ትፈተለካለች። አንዲት ተሳፋሪ፣ "እህቴ፣ በእግሬ ብሄድ ኖሮ አሁን ቤቴ ነበርኩ" ብላ ወርዳለች። ማርቲን ያስፈራት ግን እሱ አልነበረም፤ ከኋላ ሲኖትራክ እየመጣ መኪናዋ እምቢ ያለቻት ቀን ነው።

"ካንዴላ ነው" አሉ ጋሽ ፊሊጶስ። ካንዴላ ተቀየረ። መኪናዋ እንደዚያው።

ወደ ዑስማን ጋራዥ ሄድን፤ ማርቲ፣ እኔ፣ ክቡር መሐንዲስም ለቁጥጥር። ዑስማን ኮምፒውተሩን ሰክቶ አየና እንዲህ ሲል ለእኔም በሚገባኝ አማርኛ አስረዳን፦ "እማማ፣ እንደ ሽምግልና ያስቡት። ፔዳሉ ላይ ሁለት ምስክር አለ፤ እግሯ ምን ያህል እንደረገጠ ይናገራሉ። ሞተሩ ላይ ያለችው የአየር በርም ሁለት ምስክር አላት። የሁለቱ ቃል ከተለያየ ኮምፒውተሩ አንዱንም አያምንም። ለደኅንነት ብሎ፣ በቀስታ ብቻ ሂጂ ብሎ ይፈርድባታል።"

"ምስክር ምን ያደርጋል፣ ገመድ እያለ!" አሉ ጋሽ ፊሊጶስ።

ዑስማን የአየሯን በር አውልቆ ጠራረጋት። ጥቂት ሰነበተችና ያው ሆነች። የሚዋሹት ፔዳሉ ላይ ያሉት ምስክሮች ናቸው ብሎ ፔዳሉን ቀየረው። በማግሥቱ ደግሞ ያው ዳገት፣ ያው ቢጫ መብራት። ማርቲ ሥራ አቆመች። ጋሽ ፊሊጶስም በየቀኑ በር ላይ መጥተው፣ "አይዞሽ ልጄ፣ እኔ እያለሁ" ይሏታል።

ሦስታችን እንደገና ጋራዥ ሄድን። ዑስማን በዚህ ጊዜ ምንም አልፈታም። ሞተሩን አስነሥቶ፣ ዓይኑን ኮምፒውተሩ ላይ ተክሎ፣ በእጁ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ ያደርጋቸው ጀመር። አንዱን ሲነካው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቁጥር ዘለለ።

"ያዝኩህ!" አለ። ወደ አየሯ በር የሚገባውን ሶኬት ነቀለውና ወደ ብርሃን አዞረው። ውስጡ አረንጓዴ ዝጎ ነበር።

"ማርቲ፣ ላቫጆ ሞተር አሳጥበሻል?"

"በጭራሽ!"

"ታዲያ ውሃ ከየት መጣ? ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም።" በጥፍሩ ጫረና ለማርቲ አሳያት። "አመድ ነው እንዴ ይሄ? ሞተር ላይ አመድ የሚበጠብጥ ማን ነው?"

እኔ ጎማ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሳየው ወዲያው ገባኝ። ከአቦ የሚመጣው እምነት፣ የተባረከው አመድ ነው፣ በጸበል የተበጠበጠ። ማርቲም ገብቷታል። ሁለታችንም ዞረን ጋሽ ፊሊጶስን አየናቸው።

ባርኔጣቸውን አውልቀው ይዘውታል። ከኮታቸው ኪስ የአንዲት ትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ብቅ ብሏል።

"ገመድ የላትማ" አሉ ቀስ ብለው። "እግዚአብሔር ካልያዛት ማን ይይዛታል ብዬ ነው።"

ዑስማን መሬት መሬት አየ። ሳቁን ዋጠው መሰለኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ማርቲን ግን ያን ሁሉ ሰሞን ያፈናት ነገር በአንዴ ወጣ።

"ጋሼ፣ ገድለውኝ ነበር እኮ!"

እንዲህ ነው ያለችው። ቃል ከወጣ አይመለስም። ዑስማን ሶኬቱን ቀየረ፣ ቢጫው መብራት ጠፋ፣ መኪናዋም ያንን ዳገት እንደ ወፍ ወጣችው። ጋሽ ፊሊጶስ ከኋላ ወንበር ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሞተሩ ያጉረመርማል፤ ጣታቸው አልተነሣችም።

ከዚያ ወዲህ ነው በሩ የተዘጋው።

ማርቲ ተጸጽታ በሩን ስንት ቀን አንኳኳች። "ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ" ይላሉ ከውስጥ። አንድ ቀን መኪናዋን ሰማያዊው በር ሥር አቁማ፣ ኮፈኑን ከፍታ፣ "ጋሼ፣ ይምጡና ይስሟት!" ብላ ተጣራች። ከመስኮቴ እያየሁ ነበር። የእግራቸው ኮቴ እስከ በሩ መጣ። በሩ ጋ ቆመ። ከዚያ ተመለሰ። ማርቲ ኮፈኑን ከድና ስትነዳ እንባዋ ወርዷል።

"እማማ፣ እኔ ከረሳሁት ቆየሁ" አለችኝ ማታ። "እሳቸው ናቸው ራሳቸውን ይቅር ያላሉት።"

እኔ መኪና የለኝ። አስቤ አስቤ፣ ባለፈው ቅዳሜ ተነሥቼ ሄድኩና በሩን በከዘራዬ መታሁት።

"ማን ነው?"

"ተሾመች ነኝ። ፍሪጄ ድምፁ ተለወጠብኝ።"

"ሠሪ ጥሪ። እኔ መስማት ትቻለሁ።"

"ሠሪማ ይፈታዋል እንጂ መቼ ይሰማዋል? ከበበው እንዳልጠራ፣ ከበበው የለ።"

ቆይቶ መወርወሪያው ሲሳብ ሰማሁ። ባርኔጣቸውን አድርገዋል፤ ከስተዋል። መንገዱን ተሻግረን ወደ ቤቴ ገባን።

ፍሪጄ እንደ ወትሮው ያጉረመርማል፤ ዘንድሮ አዲስ የጀመረው ነገር የለም። ጋሽ ፊሊጶስ ፊቱ ቆሙ፣ ባርኔጣቸውን ከጆሯቸው ከፍ አደረጉ። ማርቲ ከጓዳ ብቅ ስትል ጣታቸው ተነሣች።

"ዝም በሉ፣ እያወራ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ደግሞ ውጡልኝ፤ ሰው ፊት አያወራም።"

እኔና ማርቲ በረንዳው ላይ እንደ ፍርድ ጠባቂ ቆምን። ማርቲ በመዳፏ አፏን ይዛለች፣ ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁትም። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ በሩን ከፍተው ወጡ።

"ካንዴላ ነው" አሉ።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር" አልኳቸው።

በሩ ድረስ ሸኘኋቸው። ማርቲን ሲያልፏት ቆም አሉና ራሷን ዳበስ አደረጓት፤ እሷም ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ሳመች። ስመለስ ማርቲ ፍሪጁ ጋ ቆማለች።

"እማማ፣ ነይ እዪ! ረጭተውታል!"

እውነትም በሩ ላይ፣ እጀታው አካባቢ፣ ግራጫ ጠብታ ቁልቁል ይወርዳል። ማርቲ ደንግጣ ሶኬቱን ልትነቅል ወደ ግድግዳው ጎንበስ አለች፤ ጎንበስ እንዳለችም ቀረች። ጠጋ ብዬ አየሁ። ሶኬቱ ጠብታ አልነካውም። ጋሽ ፊሊጶስ ከመርጨታቸው በፊት በገዛ መሐረባቸው ጠቅልለው፣ በጫማ ማሰሪያ ጥብቅ አድርገው አስረውታል።

ማርቲ ልትፈታው እጇን ሰደደች።

"ተይው" አልኳት። "ራሳቸው መጥተው ይፍቱት።"